አልነጋም

ለሱቅ ነበር የታሰበው፣ ይህ የምድር ቤት ክፍል፣
የብሎክ አርባ ሰባት፣ ከደረጃው በኩል።
ሱቁ ሳይከፈት ግን ሕፃናት ገቡበት፤
በብረት መዝጊያው ላይ ቢራቢሮ ሳልንበት።
ቱሉ ዲምቱ ነው ቦታው። ከአጥሩ ወዲያ ጤፍ ነው፤
ከአጥሩ ወዲህ ሲሚንቶ። መሀሉ የእኛ ነው።

ግድግዳው ላይ ወረቀት አለ፣ ከበላይ የተላከ፣
ማህተሙ ሰማያዊ፣ ቀናችንን የለካ፦
«ከሦስት እስከ አራት የውስጥ ጨዋታ» ይላል፤
«ከአራት እስከ አምስት የውጭ» ይቀጥላል።
ዝናብ ማንበብ አይችልም፤ ሲያሻው ይመጣል።
ሐምሌ ሲገባማ የውጩ ጨዋታ
ዘሎ ውስጥ ይገባል፣ ከነቦት ጫማው፣ ከነሁካታ።

የማካሮኒ ካርቶን አውቶቡስ ይሆናል፤
ያፌት ረዳቱ ነው፣ «ሳሪስ! ቃሊቲ!» ይላል።
ሲፈን ትራስ ታቅፋ፣ «እኔኮ ነፍሰ ጡር ነኝ፣
ሒሳብ አልከፍልም፣ ተነሣና አስቀምጠኝ!»
ኢክራም በቆርኪ ብር መልስ ትቆጥራለች፤
ለአንዱም ለሌላውም «አሥራ ሰባት» ትላለች።
ዕድሜሽ ስንት ነው? አሥራ ሰባት።
ስንት ሰዓት ሆነ? አሥራ ሰባት።

ረድኤት ከማንም ጋር አትጫወትም።
ጥግ ይዛ ክዳን በክዳን ላይ ትደረድራለች፤
ሲናድባት ቀስ ብላ ዞራ እኔን ታያለች።
እኔም እንዳላየ ሰው ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ።
እንደገና ስትጀምር በሆዴ እላለሁ፦
ይህን ብሎክ የሠራው እንደሷ ቢያስብ፣
የላዩ ቤት ውሃ በራሳችን ባላለ ጠብ።

አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ በሩን እከፍታለሁ።
«በሰልፍ!» እላለሁ። ማንም አይሰለፍም፤ አውቃለሁ።

ኮንትራክተሩ ረስቶት የሄደ የሲሚንቶ ቱቦ አለ፤
ጉድጓዱ ሳይቆፈርለት ሣር ውስጥ የዋለ።
ለልጆቹ ዋሻ ነው፣ ባቡር ነው፣ የጅብ ሆድ ነው፤
ከወዲያ ገብቶ ከወዲህ የሚወጣው ሌላ ሰው ነው።
ባለቤቱ ያልታወቀ አሸዋም አለን፤
ጠዋት ከተማ ሠርተን፣ ማታ ረግጠን፣ ማንም ሳይከሰን።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪዋ ቅጽ ይዛ መጣች፤
«ሸርተቴ የታለ? ዥዋዥዌስ?» አለች።
ቱቦውን አሳየኋት። «ይሄ አይሞላም» አለችና፣
ስሄድላት ውሃ ላመጣ፣ ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና፣
በቱቦው አፍ «ሁው!» አለች።
ድምጿ ዞሮ ሲመጣላት ግራ ቀኙን አየች፣
ሰው አይቷት እንደሆን። ኢክራም አይታታለች።
«አሥራ ሰባት» ብላ ነጥቧን ሰጠቻት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አክስት፣ አባት፣ ታላቅ እህት፣
የጠፋ ካልሲ ፍለጋ፣ የጃኬት መለዋወጥ።
አንድ ባንድ ይሄዳሉ። ሮቤል ይቀራል።
እናቱ ፋብሪካ ናት፤ ሰርቪሱ ይዘገያል።
ሮቤል አያለቅስም፤ ወደ በሩም አያይ።
ወደ በሩ እኔ ነኝ የማይ።
«እንጫወት?» ስለው መጋረጃ ውስጥ ይገባል፤
ግራው ቀኝ የሆነ ጫማው ከሥር ይታያል።

ዓይኔን በመዳፌ ይዤ፣ ወረቀቱ ላይ ተደግፌ፣
«ኩኩሉ?»
«አልነጋም!»
ደጁ ይጠቁራል። መብራት ማብራት አልፈለግሁም።
«ኩኩሉ?»
«አልነጋም!» መጋረጃው ይስቃል።
መኪና መጣ። አለፈ።
«ኩኩሉ?»
«አልነጋም…» ድምጹ አነሰ።
እየተጫወተ ነው ወይስ እየነገረኝ?
አንድ ጊዜ ደገምኩለት። የመለሰ የለም።

ከዚያ የሰርቪስ በር ድው አለ፤ ጭቃ ላይ ሩጫ፤
በሩ ላይ እናቱ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ፣
የጋዋኗ እጅጌ ላይ ቀይ ክር እንደተጣበቀ፤
አንድ ቃል ሳትናገር፣ እኔም ሳልጠይቀው፣
ከመጋረጃው ውስጥ፦
«ነጋ!»

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበረ።